ስለ ቤቲ ባልፎር ሲወራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ቤቲ ባልፎር በ1903 ለንደን ተወለደች (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በ1920ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ እንደሷ የተወደደች የፊልም ተዋናይት ማግኘት ይከብዳል። ዛሬ ግን ስሟ ሲነሳ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

በጣም የሚያናድደኝ ታሪኳን ከዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ መጀመር ነው። እርግጥ በ1928 «ሻምፓኝ» በተባለው ፊልሙ ላይ መሪ ተዋናይት ነበረች። ካሜራው በሻምፓኝ ብርጭቆ ቂጥ በኩል የሚያይበት ትዕይንት ዛሬም ይወራለታል። ግን ያኔ ተመልካች የሚስበው የሷ ስም ነው። ሂችኮክ ገና ሠላሳ እንኳ አልሞላውም።

«የእንግሊዟ ሜሪ ፒክፎርድ» የሚለውንም ቅጽል እንዳለ አትዋጡት (ፒክፎርድ የዚያን ዘመን የሆሊውድ ኮከብ ናት)። የማስታወቂያ ወሬ ነው። ቤቲን ቤቲ ያደረጋት ስኩዊብስ የምትባል ገጸ ባሕርይ ናት፤ ፒካዲሊ ሰርከስ ላይ አበባ የምትሸጥ፣ ፖሊስ የምታፈቅር የለንደን አራዳ። (ሰርከስ ሲባል አክሮባት እንዳይመስላችሁ፣ አደባባይ ማለት ነው። እኔም መጀመሪያ ተሸውጃለሁ።) ዳይሬክተሩ ጆርጅ ፒርሰን ከ1921 እስከ 1923 አራት የስኩዊብስ ፊልሞች ሠራ። በአንዱ አበባ ሻጯ ፓርላማ ትገባለች! ናንሲ አስተር በሴትነቷ የመጀመሪያ ሆና የእንግሊዝ ፓርላማ ወንበር ላይ ከተቀመጠች ገና አራት ዓመቷ ነበር። ተመልካቹ ቀልዱ የገባው በደንብ ነው።

ሌላው፣ «ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ አለቀላት» የሚለው ነው። ይሄ ታሪክ ይበልጥ የሚቀርበው ለሌላዋ እንግሊዛዊት ተዋናይት ለሜብል ፖልተን ነው። ሁለቱም ፊልም የጀመሩት በ1920 በአንድ የፒርሰን ሥራ ላይ ነው። ፖልተንን የምሥራቅ ለንደን አነጋገሯ ጎዳት። የቤቲ ዝና ቀዘቀዘ እንጂ ሥራዋ አልቆመም፤ በ1935 ስኩዊብስን በድምፅ ደግማ ተጫውታለች፣ የመጨረሻ ፊልሟም የወጣው በ1945 ነው።

«ጠፍቷል» የተባለ ፊልም ሁሉ ጠፍቷል ብላችሁም አትደምድሙ። በ1923 የሠራችው «ፍቅር፣ ሕይወትና ሳቅ» ለዓመታት ተፈልጎ ታጥቶ ነበር። በ2014 ኔዘርላንድስ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ሲኒማ ቤት በመጡ የፊልም ጥቅሎች መሐል ተገኘ።

ደግሞ ኢንተርኔት ላይ እንደ ዶሮ እየተዋከበች ካያችኋት ጥፋቱ የሷ አይደለም። የዚያን ጊዜ ካሜራ በአብዛኛው በእጅ ነበር የሚዞረው፤ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ16 እስከ 20 ምስል ያነሳል። ያንኑ በ24 ሲያጫውቱት ሰው ሁሉ ይጣደፋል። ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ አድርጋችሁ እዩት።