ኦክስጅኑ አልነበብ ሲለኝ ያደረግኩት

ደሴ፣ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ፈሷት ሾክ (ለሰውነት በቂ ደም የማይደርስበት ሁኔታ) ውስጥ የገባች እናት መጣች። ኦክስጅን ሰጠናት፣ ግሉኮስ ሳይሆን ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ከፈትን። ጣቷ ላይ ተሰክቶ የደሟን ኦክስጅን በብርሃን በመቶኛ የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር ግን አንዴ 71፣ አንዴ ሰረዝ ብቻ። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ልቀይረው ነበር።

እጇን ስይዘው በረዶ ነው። ጥፍሯ ደግሞ በእንሶስላ ጠቁሯል። ለካ የደም ግፊት መለኪያውም እዚያው ክንድ ላይ ነው፤ በተነፋ ቁጥር ወደ ጣቷ የሚሄደውን ደም ይዘጋል! ወደ ሌላኛው ክንድ አዞርኩት። የጆሮ ሴንሰር ፈልጌ፣ ጆሮዋን አሸት አሸት አድርጌ ሰካሁት። ስክሪኑ ላይ ያለው የልብ ምት ሞገድ ተስተካከለ፤ 96። የማሽኑን የልብ ምት አንገቷ ላይ ከቆጠርኩት ጋር አስተያየሁ፤ ገጠመ። ያኔ ነው ያመንኩት።

96 ብሎ መዘናጋት ግን የለም። ቁጥሩ የቀረው ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ እንጂ ስንት ደም እንደቀረ አይናገርም። ደም ማስመጣቱን ቀጠልን።