ሲጋራና ቬፕ ይዞ ድንበር መሻገር፦ ከወሎ የሚነሳ መንገደኛ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ነው የምሠራው። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ቁጭ ሲል የሚጠይቀኝን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ስንት ኪሎ ይፈቀዳል? ትራንዚቱ ስንት ሰዓት ነው? ከኮምቦልቻ የሚነሳው በረራ ቦሌ ላይ ይደርስልኛል?

ስለ ሲጋራ ግን የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ያፍራሉ። ወሎ ነው፤ ልጅ አባቱ ፊት አያጨስም፣ አባትም ስለ ሲጋራው ልጆቹ ፊት ማውራት አይወድም። ቢሮ የሚመጡት ደግሞ ቤተሰብ ሆነው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሳይነሳ ይቀራል። መልሱን የሚያገኙት ሰው አገር፣ ጉምሩክ ፊት ቆመው ነው።

ያን ጥያቄ ሳትጠይቁኝ ልመልስላችሁ። የማያጨስም ሰው ያንብበው፤ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ለምን እንዳልኩ ይገባዋል። ዓመቶቹ፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. «ቬፕ እኮ ሲጋራ አይደለም» ማለት

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ቬፕ ማለት በባትሪ የሚሠራው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። ልጆቹ «ጭስ የለውም፣ እንፋሎት ነው» ይሉኛል። ሲጋራ በየሱቁ የሚሸጥበት አገር ቬፕን እንደ ኮንትሮባንድ ሊያየው ይችላል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው።

ከኛ አካባቢ ለሕክምና የሚወጣው ሰው አብዛኛው ወይ ባንኮክ ወይ ሕንድ ይሄዳል። ሁለቱም ቬፕ ይከለክላሉ። ታይላንድ ከ2014 ጀምሮ ወደ አገሯ እንዳይገባ ከልክላለች፤ ሕጉ እስከ 10 ዓመት እስር ድረስ ያስቀጣል። ሕንድ በ2019 ማምረቱንም፣ ማስገባቱንም፣ መሸጡንም ዘጋች። ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 1 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ሩፒ ቅጣት አለ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሊመጡ ይችላሉ። ኳታርም ትከለክላለች። ሆንግ ኮንግ ከ2022 ጀምሮ ማስገባት ከልክላለች። ሲንጋፖር ደግሞ ከ2018 ወዲህ መሸጥ ብቻ ሳይሆን ኪስ ውስጥ ይዞ መገኘትንም ጥፋት አድርጋለች። በ2025 ቅጣቱን አክብዳው ለአዋቂ ሰው የመጀመሪያው 700 የሲንጋፖር ዶላር ሆኗል።

አንድ ወጣት እናቱን ለሕክምና ባንኮክ ሊያደርስ መጣ። እናትየው ለፎቶ ኮፒ ወጣ ሲሉ ጠብቄ ስለ ቬፑ ጠየቅኩት። «አብሽሪ እህቴ፣ እዛ በየመንገዱ ይሸጣል ብለውኛል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በድብቅ የሚሸጡ አሉ። የሚሸጥ ሰው ስላለ ግን የተፈቀደ ነው ማለት አይደለም። ሻጩ አገሩን ያውቃል፣ ቋንቋውን ይችላል፣ ፖሊስ ሲመጣ የሚሰወርበትን መንገድ ያውቃል። አንተ ፓስፖርትህን ይዘህ፣ የታመሙ እናትህን ደግፈህ ነው የምትቆመው። አንተ ብትያዝ እሳቸውን ሆስፒታል ማን ያደርሳቸዋል? አልኩት። በማግስቱ ቬፑን ለጓደኛው ትቶ መጣ።

2. አደራ ብሎ የሰጣችሁን ሰው ማመን

የማያጨሰውን ሰው የጠራሁት ለዚህ ነው። የሚያጨስ ሰው የያዘውን ያውቃል። የማያጨሰው ግን «ለወንድሜ አንድ ስቴካ ሲጋራ አድርስልኝ፣ ምንም አይደለም» ሲባል እንቢ ማለት ያፍራል። ጎረቤት ነው፣ አብሮ አደግ ነው፣ ሰርግና ለቅሶ ላይ አብሮ የሚቆም ሰው ነው። ተቀብሎ ሻንጣው ውስጥ ይከተዋል። ሌላውም ሰምቶ ሌላ ስቴካ ያመጣል።

አሁን ቁጥሩን እዩት። አንድ ስቴካ 10 ፓኮ ነው፣ 200 ፍሬ። ታይላንድ ለአንድ ሰው የምትፈቅደው 200 ፍሬ ነው። ሁለተኛዋ ስቴካ ስትጨመር ጥፋት ሆነ። ሕንድ ከቀረጥ ነፃ የምትፈቅደው 100 ፍሬ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንዲት ስቴካ እንኳ ግማሿ ትርፍ ናት። ሲንጋፖር ጭራሽ ከቀረጥ ነፃ የሚባል ሲጋራ የላትም። አንድ ፓኮም ቢሆን ተናግራችሁ ቀረጥ ትከፍላላችሁ።

ታይላንድ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። ሦስት ሆነው የሚሄዱ ሰዎች የሦስቱንም ሲጋራ አንድ ሻንጣ ውስጥ ይከታሉ፤ ወይም አንዱ ለሁሉም ገዝቶ በአንድ ፌስታል ይይዛል። ጉምሩኩ «የሦስት ሰው ነው» የሚል መልስ አይሰማም። የያዘው ሰው ባለቤቱ ነው። የሚቀጡት ደግሞ የሲጋራውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ብዙ እጥፉን ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን በራሱ ሻንጣ ይያዝ።

አደራ ሲመጣባችሁ እቃው ይከፈት። አጠገባችሁ፣ በዓይናችሁ ፊት። የሚቀየም ካለ ይቀየም። «ቢሮው ከልክሎኛል» በሉ ካስፈለገ፤ እኔ ላይ ጣሉት፣ ደስ ይለኛል።

ስለ ጫትም ልጨምር፣ አደራው ውስጥ አብሮ ስለሚመጣ። እኛ ዘንድ በርጫ ነው፣ ዱዓ ነው፣ የእንግዳ ክብር ነው። ሳዑዲና ኤምሬትስ ግን እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚያዩት። እንግሊዝም ከ2014 ጀምሮ ከልክላለች። ትርፍ ሲጋራ በገንዘብ ሊያልቅ ይችላል፤ ጫት ግን እስር ቤት ያስገባል። ደርቆም ቢሆን፣ ተፈጭቶም ቢሆን አትንኩት።

3. ዲውቲ ፍሪ ስለሸጠልኝ ይፈቀድልኛል ማለት

ዲውቲ ፍሪ፣ አየር ማረፊያ ውስጥ ያለው ከቀረጥ ነፃ ሱቅ፣ የሚያውቀው መሸጡን ነው። ቀጥሎ የምታርፉበት አገር ስንት ፍሬ እንደሚፈቅድ ማወቅ የናንተ ሥራ ነው። ዱባይ ትራንዚት ላይ የተገዛ ቬፕ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ነው፤ ኤምሬትስ ከ2019 ጀምሮ ሽያጩን ፈቅዳለች። ያው ቬፕ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ባንኮክ ሲደርስ የተከለከለ እቃ ይሆናል። ደረሰኙ አያድናችሁም።

4. ቬፑን ሻንጣ ውስጥ መክተት

የሚፈቅድ አገር የምትሄዱ ከሆነ እንኳ ቬፕ የሚገባው በእጅ ቦርሳ ነው። ሊትየም ባትሪ አለው፤ ሊትየም ባትሪ ከተቀጣጠለ እቃ መጫኛው ውስጥ ደርሶ የሚያጠፋው ሰው የለም። ለዚህ ነው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2015 ከሚጫን ሻንጣ ያስወጣው። አውሮፕላን ውስጥ ቻርጅ ማድረግም ክልክል ነው። ላይተርም እንዲሁ አይጫንም፤ አንድ ብቻ፣ ኪስ ውስጥ ነው።

ጓንዡ ለንግድ የምትመላለሱ ነጋዴዎቻችን ደግሞ ይሄን አስታውሱ፦ ከቻይና ስትነሱ ላይተርም ክብሪትም በእጅም በሻንጣም አይፈቀድም። ለማስታወሻ የገዛችሁት ቆንጆ ላይተር ፍተሻው ላይ ይቀራል።

5. አውሮፕላን መጸዳጃ ቤት ውስጥ «አንዴ ብቻ»

በሩ ላይ ትንሽ መተርኮሻ ታያላችሁ። «ካልተፈቀደ ለምን አስቀመጡት?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። የተቀመጠው ሕጉን ጥሶ የሚያጨስ ሰው ቢኖር ቁራጩን የወረቀት ቅርጫት ውስጥ እንዳይጥለው ነው።

ምክንያቱ ከባድ ነው። በ1973 ከሪዮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረ የብራዚሉ ቫሪግ አየር መንገድ ቦይንግ 707 ውስጥ ከኋላው መጸዳጃ ቤት እሳት ተነሳ። የተጣለ ሲጋራ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። አብራሪዎቹ የፓሪሱ ኦርሊ አየር ማረፊያ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው እርሻ ላይ አሳረፉት። ከ134 ሰው 123ቱ ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደለው ጭሱ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለው ጭስ ጠቋሚ ቀልድ የማያውቀው ለዚህ ነው። የቬፕ እንፋሎትም ያስጮኸዋል። ስትወርዱ ፖሊስ በር ላይ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ረጅም በረራ የሚከብዳችሁ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲ ስለ ኒኮቲን ማስቲካ ጠይቁ። ስምንት ሰዓት ያለ ሲጋራ መቀመጥ ለለመደ ሰው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

6. የሆቴል ክፍልን እንደ ቤት ማየት

ይሄ በኛ ላይ ደርሷል። ወንድም ጋሼን ለሕክምና ይዤው ሄጄ ነበር። ውጤት ስንጠብቅ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለው። መታጠቢያ ቤት ገባ፣ ፎጣ አርጥቦ በር ሥር አደረገ፣ የአየር ማውጫውን ከፈተ፣ አጨሰ። ጠቋሚው አልጮኸም፤ እኛም አልፏል ብለን ተኛን። በሦስተኛው ቀን ስንወጣ ያስያዝነውን ዲፖዚት አልመለሱልንም። ክፍሉን ያጸዳችው ሴት ሽታውን አግኝታዋለች። ጠረጴዛው ላይ ሲጋራ በቀይ የተሰረዘበት ወረቀት ነበር፣ ቅጣቱም ተጽፎበታል፤ ማናችንም አላነበብነውም። ገንዘቡ ለመድኃኒት ያሰብነው ነበር። ወንድም ጋሼ እስከ ቦሌ ድረስ ቃል አልተነፈሰም።

ገና ስትገቡ እንግዳ ተቀባዩን ጠይቁ፦ ማጨሻው የት ነው? በረንዳው ይፈቀዳል? በረንዳም ብዙ ቦታ እንደ ክፍሉ ነው የሚቆጠረው።

7. «ውጭ ነኝ፣ ነፋስ ነው» ማለት

ጦሳ ተራራ ላይ ቆሞ ያጨሰ ሰው ማንንም አልነካም። ፑኬት ወይም ፓታያ ባሕር ዳርቻ ግን ታይላንድ ከከለከለቻቸው ቦታዎች መካከል ናቸው፤ ሕጉ እስከ 100,000 ባት ድረስ ያስቀጣል። ፈረንሳይ ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ባሕር ዳርቻ፣ መናፈሻና አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ከልክላለች፤ ቅጣቱ 135 ዩሮ ነው። ዱባይ ውስጥ ቁራጩን መሬት ላይ መጣል 500 ድርሃም ያስከፍላል። ከ12 ዓመት በታች ልጅ ያለበት መኪና ውስጥ ማጨስም እዛ ክልክል ነው።

«አፍሪካ ቅርብ ነው፣ እንደኛው ነው» የምትሉም ተሳስታችኋል። ኬንያ ከ2007 ጀምሮ ባላት ሕግ በተከለከለ ቦታ ማጨስ እስከ 50,000 ሽልንግ ወይም እስከ 6 ወር እስር ያመጣል። ዩጋንዳ በ2015 ሕጓ ቬፕንም ሺሻንም ከልክላለች።

8. ዑምራና ሐጅ ላይ ሕጉን መርሳት

አባቶቻችን እዚህ ላይ ብዙም አያስቸግሩም፤ ለቦታው ያላቸው ክብር ይበቃል። የሚቸገሩት ሱስ ያለባቸውና ለማንም ያልተናገሩ ናቸው። ሳዑዲ ውስጥ በመስጊዶች ዙሪያ ማጨስ ክልክል ነው፤ በተከለከለ ቦታ የተገኘ 200 ሪያል ይቀጣል። አረብ አገር በረመዳን ቀን አደባባይ ላይ ሲጋራ መለኮስ ደግሞ ከቅጣትም በላይ ነውር ነው። ይሄን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። እዚህ ክርስቲያኑ ጎረቤት በጾም ቀን ሙስሊሙ ፊት አይበላም፣ ሙስሊሙም እንዲሁ።

9. ሲመለሱ ቬፕ ስጦታ ማምጣት

የራሳችን አገር ሕግ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ጥብቅ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በኛ አቆጣጠር 2011 ላይ ወጥቷል። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም ሺሻንም ማስገባትና መሸጥ ይከለክላል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ መሸጥ አይቻልም። ቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች፣ ከበርና ከመስኮታቸውም እስከ 10 ሜትር ድረስ ማጨስ አይፈቀድም። «ለታናሽ ወንድሜ ከዱባይ» ብላችሁ ያመጣችሁት ቬፕ ቦሌ ላይ ሊወረስ ይችላል። በምትኩ ሽቶ ግዙለት።

ይሄን ሁሉ አንብባችሁም አንድ ነገር ተረስቶ ሻንጣ ውስጥ ቢገኝስ? በአረንጓዴው መውጫ፣ ለጉምሩክ የሚናገሩት ነገር የሌላቸው ሰዎች በሚያልፉበት፣ ለማለፍ አትሞክሩ። ቀዩን መስመር ይዛችሁ ሂዱና ከመፈተሻችሁ በፊት ራሳችሁ ተናገሩ። ብዙ አገር የተናገረን ሰው ከደበቀው ለይቶ ያያል። ማንበብ የማትችሉት ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ቅጣት ከከፈላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ደረሰኝ ከሌለ አለቃውን አስጠሩ። የምትሄዱበት አገር ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስልክ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት። ሞባይሉ ሊዘጋም ሊያዝም ይችላል።