የድሮ ፎቶዎች አልገጣጠም ሲሉ የሠራልኝ ዘዴ

የፈረሰ ታሪካዊ ሕንፃን ከቆዩ ፎቶዎች ተነሥቼ በኮምፒውተር መልሼ ስሠራ የፎቶግራሜትሪው ሶፍትዌር (ከፎቶዎች ባለሦስት አውታር ቅርጽ የሚያወጣው) ምስሎቹን አላገናኝ አለኝ። ሶፍትዌሩ የሚሠራው በፎቶዎቹ ላይ ተመሳሳይ ነጥቦችን እያዛመደ ነው። የድሮ ፎቶዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው፤ ዘመናቸው፣ ሌንሳቸውና ብርሃናቸውም ይለያያል።

ስለዚህ አውቶማቲኩን ትቼ በእጅ ሠራሁት። በሕንፃው ላይ ትይዩ የሆኑት መስመሮች፣ ለምሳሌ የጣሪያው ጠርዝና የመስኮቶቹ ደፍ፣ በፎቶ ላይ ሲረዝሙ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ከዚያ ተነሥቶ ካሜራው ወዴት እንደዞረና የሌንሱን የትኩረት ርቀት ማስላት ይቻላል። ኤፍስፓይ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ያሰላል። ውጤቱን የባለሦስት አውታር ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም ወደሆነው ብሌንደር ወሰድኩት። ፎቶ ብቻውን መጠን ስለማይናገር፣ ልኬቱን ያገኘሁት መሬት ላይ ከቀረው መሠረት ነው።

አንድ መስኮት ግን በአንዱ ፎቶ ልክ ሲገባ በሌላው እምቢ አለ። ለካ በመሃል ሕንፃው ታድሶ ኖሯል! ፎቶዎቹን በዘመን ለያይቼ አንዱን ዘመን ብቻ ሠራሁ።

ፎቶ ያልተገኘለትን የጀርባ ግድግዳ ግራጫ አድርጌ ተውኩት። ማስረጃ ያለውና ግምት የሆነው ተለይቶ መታየት አለበት፤ ቅርሶችን በኮምፒውተር ለማሳየት የወጣው መመሪያ፣ የለንደን ቻርተርም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።