እናታችሁን ከሰፈሯ ሳትነቅሉ ቤቷን አስተካክሉላት

ውጭ ያለን ሰዎች አዳማ ላሉ ወላጆቻችን ስናስብ ቶሎ የሚታየን ኮንዶሚኒየም ነው። እኔም እናቴን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስገባኋት። ሊፍት የለውም፤ እሷ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ውሃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን የሚያወጣላት ልጅ ትለምናለች። ቤተ ክርስቲያን መሄድ እያቆመች መጣች። ስደውልላት "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብቻ ነው። እውነቱን የነገሩኝ ጎረቤቷ ናቸው። በዓመቱ ወደ ድሮ ቤቷ መለስናት።

ስለዚህ እድሯና ቡና አጣጮቿ ካሉበት አታርቋት። ያለችበትን ቤት አድሱላት።

ከሽንት ቤቱ ጀምሩ። በድሮዎቹ ግቢዎች ብዙ ጊዜ ጓሮ ነው ያለው። በቪዲዮ ስትደውሉ "እስቲ ማታ የምትሄጂበትን አሳዪኝ" በሏት። የእኔ እናት በአንድ እጇ የስልኳን መብራት ይዛ፣ በሌላው ግድግዳውን እየዳበሰች፣ ጠርዟ የተሸረፈ ደረጃ ስትወርድ አየኋት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መኝታዋ አጠገብ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት፣ የማያንሸራትት ወለልና መደገፊያ ብረት አሠራንላት። ኮርኒስም አስገቡ፤ የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮ ሥር ለሽማግሌ አይቻልም። የቀበሌ ቤት ከሆነ ግን ሳታስፈቅዱ ግድግዳ አትንኩ።

ብሩን ባንዴ አትላኩ። ዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለዩ፤ ያለቀውን በቪዲዮ እያያችሁ ክፈሉ።

ካርታው አሁንም በሟች አባታችሁ ስም ከሆነ እናታችሁ በሕይወት እያለች የወራሽነቱን ጉዳይ ፍርድ ቤት ጨርሱ። እዚያ ላለ ሰው የምትሰጡት ውክልና ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያልፋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ለእድሳት ብላችሁ "መሸጥ መለወጥ" የሚል ቃል አታስገቡ። ለወንድምም ቢሆን።

ወላጆቻችሁ ተከራይ ከሆኑ የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አንብቡ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ቢያንስ 2 ዓመት ይጽና ይላል። አከራዩም ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም።

አንድ ትርፍ ቁልፍ ጎረቤት ጋ ይቀመጥ። የጎረቤቷንም ስልክ ያዙ፤ እናታችሁ የማትነግራችሁን እሳቸው ይነግሯችኋል።