ብግነትን ለመቀነስ ለውዝን እንዴት መምረጥ፣ ማስቀመጥና መመገብ ይቻላል?

ብግነት (ኢንፍላሜሽን) ሰውነት ቁስልንና ተሕዋስያንን የሚመክትበት አሠራር ስለሆነ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ሳይበርድ ለዓመታት በዝግታ ሲቀጥልና የደም ሥሮችን ሲጎዳ ነው። በስፔን ባርሴሎናና በካሊፎርኒያ ሎማ ሊንዳ ከ600 በሚበልጡ አረጋውያን ላይ ለ2 ዓመት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ በሆነ ጥናት፣ በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ግራም ዋልነት (ጠንካራ ቅርፊት ያለው የዛፍ ፍሬ) ሲበሉ በቆዩት ሰዎች ደም ውስጥ ከተለኩት 10 የብግነት ጠቋሚዎች 6ቱ ዋልነት ካልበሉት ይልቅ ቀንሰው ተገኝተዋል። ሆኖም ሐኪሞች አዘውትረው የሚያስመረምሩት የብግነት ጠቋሚ፣ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን፣ በጥናቶች ሁሉ እኩል ስላልቀነሰ፣ እነዚህን ፍሬዎች እንደ ጥሩ ምግብ እንጂ እንደ መድኃኒት መቁጠር አይገባም።

ባሕር ዳር ላይ በቀላሉ የሚገኘው ግን ለውዝ፣ ማለትም ኦቾሎኒ፣ ነው። የዋልነትን ያህል ኦሜጋ 3 የተባለው ጠቃሚ ቅባት ባይኖረውም አብዛኛው ቅባቱ ለልብ የሚስማማው ዓይነት ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ከነቅርፊቱ ያለውን፣ ያልተሰነጠቀውንና ሲነቀነቅ ፍሬው የሚንኳኳውን ይምረጡ። ተቆልቶ በፌስታል የታሰረውን እኔ አልመክርም፤ መቼ እንደተቆላና ከምን ዓይነት ፍሬ እንደተቆላ ማወቅ አይቻልምና።

ቀጥሎ ያለው መልቀም ነው፤ ከሥራው ሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው። እርጥበት ያገኘው ለውዝ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርንም ያስከትላል፤ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው እጅግ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎችን የፈጀው በዚሁ መርዝ የተበከለ የለውዝ ፋጉሎ ነበር። ብዙ ሰው እሳት ያጠፋዋል ብሎ ያምናል፤ በቤት ውስጥ መቁላት ግን መርዙን አያስወግደውም።

ስለዚህ የተፈለፈለውን ለውዝ በሰፌድ ላይ በትኖ፣ በቀን ብርሃን፣ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ የነቀዘውንና ሻጋታ የነካውን አንድ በአንድ ማውጣት ያስፈልጋል። ሲቀመስ የመረረውን አይዋጡት። የተለቀመውን ብልሽት ለዶሮ ወይም ለላም መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ መርዙ በላሟ ወተት በኩል ተመልሶ ወደ ልጆች ይደርሳልና።

ከሰኔ እስከ መስከረም የጣና ዳርቻ አየር እርጥብ ስለሆነ፣ ለውዙን ፀሐይ ባለበት ሰዓት አድርቆ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ እኔ ከሳምንት ፍጆታ በላይ አልገዛም።

ሲቆሉ እሳቱ መለስተኛ ይሁን፤ ዘይትና ጨው አያስፈልግም። ጠቃሚ ውሕዶች ስላሉበት ቀዩን ስስ ልጣጭ አይጣሉት።

መጠኑ በቀን አንድ ጭብጥ፣ 30 ግራም ገደማ፣ ይበቃል። ይህም 170 ያህል ካሎሪ ስላለው በሳምቡሳው ወይም በብስኩቱ ላይ የሚጨመር ሳይሆን በእነርሱ ፈንታ የሚበላ መሆን አለበት፤ ክብደት ከጨመረ ብግነቱም አብሮ ይጨምራልና። በጾም ወራት መተካቱ ይበልጥ ይቀላል። የለውዝ ሻይ ለሚወዱም ስኳሩን መቀነስ ነው።

ለውዝ የሚያሳብጠው ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሰው ከነጭራሹ አይቅመሰው፤ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትም ትንታ ስለሚያስከትል ሙሉ ፍሬውን ሳይሆን በደንብ የተፈጨውን ይስጧቸው።