ቁልቁለት ላይ የሚንሸራተተውን ተጫኝ የካምፕ ቤት ያረጋጋሁበት መንገድ

በኮሎራዶ፣ በኢንተርስቴት 70 ከአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ሲልቨርቶርን ሲወረድ ቁልቁለቱ 7 በመቶ ይደርሳል። እዚያ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር በፒክአፑ ካሶኒ ላይ የተጫነው የካምፕ ቤት (ለጉዞ ማደሪያ የሚሆን ተነቃይ ክፍል) ወደ ፊት እየተንሸራተተ የካሶኒውን የፊት ግድግዳ ይመታ ነበር። ማሰሪያዎቹን ደጋግሞ ማጥበቅ ለውጥ አላመጣም።

ምክንያቱ የተገኘው ከመኪናው ሥር ገብቼ ስመለከት ነው። ማሰሪያዎቹ የተያዙት በካሶኒው ስስ ላሜራ ላይ ነበር፤ በቡሎኖቹ ዙሪያ ላሜራው ተለጥጦ ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሆነዋል። የያዘው ነገር ከተለጠጠ ማሰሪያው መላላቱ አይቀርም። ስለዚህ እነርሱን አውልቄ በቀጥታ ከሻንሲው ጋር የሚታሰሩ መያዣዎችን አስገጠምኩ። ቤቱን ከመያዣዎቹ ጋር የሚያገናኙት፣ በመጠምዘዝ የሚጠብቁት ማጥበቂያዎች ደግሞ የፊቶቹ ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ወደ ኋላ ዘመም ብለው እንዲወርዱ አደረግሁ። ቀጥ ብለው ቢወርዱ ቤቱን ወደ ታች ይጫኑታል እንጂ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄዱን እምብዛም አይከለክሉም። ይህ አቅጣጫ ከምንም በላይ ሊታሰብበት ይገባል!

ከቤቱ ሥር ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አነጠፍኩ፤ ከፊት ግድግዳው ጋር ባለው ክፍተት ደግሞ በልኩ የተቆረጠ ጣውላ አስገባሁ። አሁን ቤቱ የሚንደረደርበት ቦታ የለውም።

ማጥበቂያዎቹ ሞላ ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል፤ ያለ ሞላ ከልክ በላይ ከተጠበቁ መኪናው ሲወዛወዝ የቤቱን ማሰሪያ ቀለበት ሊነቅሉት ይችላሉ። የማጥበቂያዎቹን መቆለፊያ ዳዶ አጥብቁ፣ ጥቂት ማይል ከነዳችሁ በኋላም ቆማችሁ እንደገና ፈትሹ። ቁልቁለቱን ግን ከላይ ጀምራችሁ በከባድ ማርሽ ውረዱ።