ድሬዳዋን በድሬዳዋ ልጆች ሥራ፦ የከተማ ዐውደ ርዕይ እንዴት ይዘጋጃል?

ስለ ከተማቸው የሚናገር የጋራ ዐውደ ርዕይ ለማዘጋጀት የሚነሡ ሠዓሊዎች አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚፈልጉት አዳራሽና ስፖንሰር ነው። በእኔ እምነት ከሁለቱም በፊት መገኘት ያለበት ጥያቄው ነው። «ድሬዳዋ» የሚል ርእስ ብቻ ይዞ የወጣ ጥሪ የሚሰበስበው በአብዛኛው የባቡር ጣቢያውን ፊት ለፊት የሚያሳዩ ሥዕሎችን ነው። ጣቢያው መሣሉ አይከፋም፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሽቅብ ወደ ሐረር መውጣት ስለማይችል ከተራራው ሥር የቆመው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ድሬዳዋን ድሬዳዋ ያሰኛት ሕንፃው ብቻ ሳይሆን በጥገና ክፍሉ ዕድሜያቸውን የፈጁት ሠራተኞች፣ ዕቃ ጭነው የሚወርዱ ነጋዴዎችና በአንድ ንግግር ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ እየቀላቀለ የሚግባባው ሰፈርተኛ ጭምር ነው።

ስለዚህ ጥሪው ሠዓሊው ከገዛ ሕይወቱ ተነሥቶ ሊመልሰው የሚችል ጠባብ ጥያቄ ይያዝ። «አሮጌው ባቡር ከቆመ በኋላ በሰፈራችሁ ምን ቀረ?» ወይም «ደቻቱን ስትሻገሩ ምን ታያላችሁ?» የሚሉት ለዚህ ይስማማሉ። ደቻቱ የከተማዋን ሁለት አሮጌ ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለይ፣ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ ወንዝ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል። ጎርፉን የሚመለከቱ ሥራዎች ከመጡ፣ ከመሰቀላቸው በፊት ቤተሰቦቻቸውን ያጡ ሰዎችን ፈልጎ ማነጋገር የአዘጋጆቹ ግዴታ ነው፤ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ የማንም ሰው ሐዘን ግድግዳ ላይ ሊወጣ አይገባም።

የአዘጋጅ ቡድኑ ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ቢሆን ይበቃል፤ ነገር ግን አባላቱ ከከዚራ፣ ከመጋላ፣ ከሳቢያንና ከገንደ ቆሬ የተውጣጡ ቢሆኑ፣ ሁሉም በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያለፉ ባይሆኑ ይመረጣል። የሱቅ ታፔላ የሚጽፉ ባለሙያዎች፣ ስፌት የሚሰፉ እናቶች፣ ፎቶ አንሺዎች፣ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ብየዳና ብረት ሠራተኞች የከተማዋን ቀለምና ቅርፅ በእጃቸው የያዙ ሰዎች ናቸው። ጥሪውን በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ ብቻ ወደ እነርሱ አያደርስም፤ በእድር፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በቀፊራ ገበያም በቃል ይነገር፤ በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ በሦስቱም ቋንቋዎች ይውጣ።

ጊዜውን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ታኅሣሥ ነው። ሙቀቱ ይለዝባል፣ ዝናቡም አያሰጋም፤ ከሁሉ በላይ ግን ታኅሣሥ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል የሚመጣው ምእመን ድሬዳዋን ስለሚያጨናንቃት ተመልካች ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ቀኑን ከመቁረጥ በፊት ረመዳን በዚያ ዓመት የት እንደሚውል ማየትም የግድ ነው። ከባህልና ቱሪዝም ቢሮና ከቀበሌው የሚጠየቀው የፈቃድ ደብዳቤ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞ ይግባ።

ቦታውን ስትመርጡ የሰው እግር የለመደውን ፈልጉ። በዛፍ ጥላ ሥር ያሉት የከዚራ አሮጌ ቤቶች ወፍራም ግድግዳና ሰፊ በረንዳ ስላላቸው ቀዝቀዝ ይላሉ፤ ሆኖም የቆየ ልስን በሚስማር መብሳት ቤቱን መጉዳት ነው። በባለቤቱ ፈቃድ ከጣሪያው ሥር አንድ ረጅም እንጨት አጋድሞ ከእርሱ ላይ በጠንካራ ናይለን ገመድ ማንጠልጠል፣ ወይም በችፑድ ለብቻው የሚቆም ግድግዳ ማሠራት ይሻላል።

ስቀላው የዐውደ ርዕዩ ግማሽ ሥራ ነውና ጊዜ ይሰጠው። ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 ላይ በጠመኔ ቀጭን መስመር አስምሩና የእያንዳንዱ ሥዕል መሃል እዚያ መስመር ላይ ይዋል። ለምሳሌ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል የላይኛው ጠርዝ 1 ሜትር ከ90 ላይ ይሆናል፤ በጀርባው ያለው ገመድ ሲወጠር ከላይኛው ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ከሆነ በችፑዱ ግድግዳ ላይ ሚስማሩ የሚመታው 1 ሜትር ከ80 ላይ ነው። ይህን ስሌት ለእያንዳንዱ ሥራ በወረቀት ላይ አስቀድሞ መሥራት በመሰላል ላይ ሆኖ ከመገመት ያድናል። ሥራዎቹን በሠዓሊው ብሔር ወይም ሰፈር መድቦ በየጥጉ መስቀል ግን አጥብቄ የምቃወመው ነገር ነው፤ የከዚራው በረንዳ ከቀፊራ የአትክልት ሻጮች አጠገብ ሲሰቀል ነው ሁለቱም የአንዲት ከተማ መሆናቸው የሚታየው።

የድሬ ሙቀት ለቀለም ምሕረት የለውም። አክሪሊክ ቀለም ሲሞቅ ስለሚለሰልስ ሥዕሎችን ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ መጋዘን ውስጥ ደራርቦ ማስቀመጥ ወይም ፊታቸውን በላስቲክ መጠቅለል እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። በየማዕዘኑ ወፍራም ካርቶን አድርጋችሁ ፊቱን ምንም ነገር ሳይነካው አቁማችሁ አስቀምጡ፤ በስቀላም ጊዜ ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበትን ግድግዳ ለሥዕል አትጠቀሙበት።

ሥራ ስትረከቡ በሁለት ቅጂ የተፈረመ ወረቀት ይኑር፤ ርእሱ፣ መጠኑ፣ የተሠራበት ቁስ፣ ዋጋው፣ ሲመጣ የነበረበት ሁኔታና የሚመለስበት ቀን ይጻፍበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊውን መብት ስለሚጠብቅ ሥዕሉን ለባነር ወይም ለፖስተር ለማተም የተለየ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሥዕሉን የገዛ ሰውም ቢሆን ሸራውን እንጂ የማባዛት መብቱን አልገዛም።

የሥራዎቹ መግለጫ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ፣ ከሦስት ዓረፍተ ነገር ሳይበልጥ፣ በጉልህ ፊደል ይጻፍ። ሠዓሊው ምን ለማለት እንደፈለገ ከመተንተን ይልቅ ቦታውን፣ ሰውዬውን ወይም ዕቃውን የሚያስተዋውቅ ቢሆን ተመልካቹ የራሱን ትዝታ ይጨምርበታል። በሩ አጠገብ አንድ ትልቅ ደብተርና እስክሪብቶ ይቀመጥ፤ አረጋውያን ጎብኚዎች የሚያወሩትን የሚጽፍ ወጣትም ይመደብ።

የመክፈቻ ሰዓት የከተማዋን ቀን ይከተል። በእኩለ ቀን ሙቀት ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉም ለምሳና ለበርጫ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ስለዚህ ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት መክፈት ጥበቃውንም መብራቱንም ለሚጠቅም ሰዓት ማዋል ነው። በመክፈቻው ዕለት ቡናም፣ የአካባቢው ትኩስ መጠጥ ሆጃም ይቅረብ፤ የዚችው ከተማ ልጅ የሆነው የአሊ ቢራ ሙዚቃም ይሰማ።

ለልጆች አንድ የቅዳሜ ጠዋት ብትመድቡላቸው ቀለሙን ከአካባቢው አፈር እንዲሠሩ አድርጉ። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ተመራማሪዎች 40 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝኑ ከ4,000 በላይ ቀለም አዘል የድንጋይ ቁርጥራጮች አግኝተዋል፤ ሰዎች እዚያ ቀለም ሲፈጩ የነበሩት የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ነው። ልጆቹ ቀይ አፈር ወቅጠው በነጠላ ጨርቅ ይንፉ፤ ከዚያም በውኃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ለውሰው በካርቶን ላይ ይሣሉ። ሥራቸውም በዚያው ቀን ከታላላቆቹ ሥራዎች ጎን ይሰቀል።

ዐውደ ርዕዩ ሲዘጋ ከመውረዱ በፊት እያንዳንዱ ግድግዳ እንደተሰቀለ ፎቶ ይነሣ። በርክክቡ ወረቀት ላይ የመመለሻ ፊርማ ይሰብሰብ፤ ከሽያጭ የተገኘ ገንዘብ ካለም ለሠዓሊው በሳምንት ውስጥ ይከፈል። የፎቶዎቹና የጎብኚዎች ደብተር ቅጂ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ፤ ለሚቀጥለው ጥሪ የሚሆነው ጥያቄም ከዚያው ደብተር ውስጥ ይወጣል።